ልጄ በሃይስኩሏ የፖለቲካ ክለብ ልታቋቁም ትፈልጋለች፤ ትምህርት ቤቱ መከልከል ይችላል?

እናት_ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ የሕዝብ ሃይስኩል 11ኛ ክፍል ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆነው በአንዱ ፓርቲ ስም የሚጠራ የተማሪዎች ክለብ ለመክፈት ምክትል ርእሰ መምህሩን ሲያናግሩ «የፖለቲካ ክለብ አንፈቅድም፤ ከፈለጋችሁ ዲቤት ክለብ አለ» ተባሉ። እዚያው ትምህርት ቤት የቼዝ፣ የአኒሜና የክርስቲያን ተማሪዎች ክለብ አለ።

መከልከል ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ ከየት ትጀምር? እኔ ራሴ ሄጄ ላናግራቸው? ሌላው የሚያሳስበኝ ወረቀታችን ነው። ሁላችንም ግሪን ካርድ ነው ያለን፤ እኔ በቅርቡ ለዜግነት አመለክታለሁ። ኋላ ጣጣ ያመጣብን ይሆን? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ጭር_ያለ_ሰፈር

እህቴ፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው። 11ኛ ክፍል የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ዓመት ነው። ዲቤት ክለብ ትግባና ትገላገሉ።

ስፖንሰር_መምህር

ከላይ የተሰጠውን ምክር ልተወውና ወደ ጥያቄው ልግባ። እህቴ፣ የቼዝና የአኒሜ ክለብ መኖሩን መጥቀስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

በ1984 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የወጣ፣ ኢኳል አክሰስ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የማይገናኝ አንድ የተማሪ ክለብ እንኳ ከክፍል ሰዓት ውጭ በግቢው እንዲሰበሰብ ከፈቀደ፣ ሌላውን ክለብ በሚያነሳው ሐሳብ ምክንያት መከልከል አይችልም። ሐሳቡ ሃይማኖታዊ፣ ፖለቲካዊ ወይም ፍልስፍናዊ ሊሆን ይችላል፤ «ፖለቲካዊ» የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። ሕጉን አጥብቀው የገፉት ለተማሪዎች የጸሎት ቡድን የሚከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ብዙ የትምህርት ቤት ኃላፊ ለመጽሐፍ ቅዱስ ክለብ ብቻ የወጣ ይመስለዋል።

በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከኦማሃ ነብራስካ የመጣለትን የዌስትሳይድ ትምህርት ቤት ጉዳይ 8 ለ 1 ሲወስን «ከትምህርት ጋር የተገናኘ ክለብ» የሚለውን በጣም አጠበበው። አንድ ክለብ ከትምህርት ጋር ተገናኘ የሚባለው የሚሠራበት ነገር በመደበኛ ክፍል ሲሰጥ ወይም በቅርቡ ሊሰጥ ሲሆን፣ የትምህርቱን ዘርፍ በአጠቃላይ ሲመለከት፣ አባልነቱ ለአንድ ኮርስ ግዴታ ሲሆን ወይም ክሬዲት ሲያስገኝ ነው። ፈረንሳይኛ ለሚሰጥበት ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ ክለብ ይገናኛል። የቼዝ ክለብ ግን አይገናኝም። ያ ትምህርት ቤት «ቼዝ ሒሳብንና አስተሳሰብን ያግዛል» ብሎ ተከራክሮ አልተሳካለትም። ስለዚህ የልጅዎ ትምህርት ቤት በሩን ከከፈተ ቆይቷል። «ዲቤት አለላችሁ» ማለትም መልስ አይሆንም፤ ሌላ ክለብ መኖሩ ይሄኛውን አይተካም።

ሁለት ገደቦችን ግን ልብ ይበሉ። ሕጉ የግል ትምህርት ቤትን አይነካም። ሌላው፣ ትምህርት ቤቱ ከትምህርት ጋር ያልተገናኙ ክለቦችን በሙሉ ከዘጋ ሕጉ ያበቃል። ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የሶልት ሌክ ሲቲ ትምህርት ቦርድ በ1996 አንድን የተማሪዎች ክለብ ላለመፍቀድ ሲል ሁሉንም ዘግቶ እስከ 2000 ቆይቷል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን «እንከሳለን» ብሎ መግባት የማይመከረው፤ የቼዝ ልጆች ክለባቸውን አጥተው እናንተን የሚጠሉበት ሁኔታ ውስጥ መግባት አትፈልጉም።

«እኔ ሄጄ ላናግር?» ላሉት፦ አይሂዱ፤ ቢያንስ አሁን አይሂዱ። ሕጉ ስብሰባው በፈቃደኝነትና በተማሪዎች ተነሳሽነት የመጣ እንዲሆን ይጠይቃል። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ክለቡን መምራት፣ መቆጣጠር ወይም ስብሰባው ላይ አዘውትሮ መገኘት አይችልም። ይህ ወላጅንም፣ የፓርቲ ሠራተኛንም፣ የኮሚኒቲ ሽማግሌንም ይጨምራል። ማመልከቻው በእናት እጅ የተሞላ ከመሰለ «ይሄ የተማሪ ክለብ አይደለም» ለማለት ቀላል ምክንያት ሰጣችኋቸው ማለት ነው። ልጅዎ ትጻፍ፣ ልጅዎ ትናገር። እርስዎ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ሊያነቡላት፣ ከስብሰባ በኋላ ሊያመጧት፣ ነገሩ ወደ ዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ይግባኝ ከደረሰ ደግሞ እንደ ወላጅ አብረዋት ሊቀመጡ ይችላሉ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የዲስትሪክቱን የክለብ ፖሊሲ ከድረ ገጹ አውርደው ያንብቡ። ከዚያ ከተማሪ እንቅስቃሴዎች አስተባባሪው የክለብ ማመልከቻ ቅጽ ይውሰዱ። ምክትል ርእሰ መምህሩ በቃል «አይሆንም» ማለቱ ውሳኔ አይደለም። ቅጹ ቀርቦ በጽሑፍ መልስ እስካልተሰጠበት ድረስ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም፤ አብዛኛው ልጅ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የክለቡን ስም፣ ዓላማውን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ የመሪዎቹን ስም፣ የስብሰባ ቀንና ክፍል፣ የስፖንሰር መምህር (ስብሰባውን የሚከታተል መምህር) ፊርማና የመተዳደሪያ ደንብ ነው። የፍላጎት ፊርማ የሚጠይቁም አሉ። ሕጉ በራሱ በቁጥር ማነስ መብት ለመገደብ ለማንም ሥልጣን አይሰጥም፤ ቢሆንም 15 ወይም 20 ስም ይዞ መሄድ አጉል ክርክር ያስቀራል።

ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። ሕጉ የሚናገረው የክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ምሳ ሰዓት የሚጠየቀው ሌሎቹም ክለቦች በምሳ ሰዓት የሚሰበሰቡ ከሆነ ነው። በጣም አስተማማኙ ከትምህርት በኋላ፣ አክቲቪቲ ባስ (ከትምህርት በኋላ የቆዩ ልጆችን የሚያደርስ አውቶቡስ) ባለበት ቀን ነው። ባስ በሌለበት ቀን የተያዘ ስብሰባ መኪና ያላቸውን ልጆች ብቻ ይሰበስባል፤ የእኛ ሰፈር ልጆች መጀመሪያ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጹ ከገባ በኋላ ልጅዎ አጭር ኢሜይል ለምክትሉ ትላክ፤ ለርእሰ መምህሩም ግልባጭ ይሁን። ውስጡ፦ በዚህ ቀን አነጋግረንዎታል፤ ይህን ብለውናል፤ ቅጹን በዚህ ቀን አስገብተናል፤ ቼዝ፣ አኒሜና የክርስቲያን ተማሪዎች ክለብ በግቢው ይሰበሰባሉ፤ በኢኳል አክሰስ አክት መሠረት እኩል እንድንታይ እንጠይቃለን፤ በ10 የትምህርት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይመልሱልን። በቃ። ስለ ዲሞክራሲ ንግግር አይጨመርበት፣ ዛቻም አይግባ። እንዲህ ያለ ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዲስትሪክቱ የሕግ ክፍል ይተላለፋል፤ እዚያ ያለ ጠበቃ ደግሞ ሕጉን ያውቀዋል። ከዚያም ካልሆነ ርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ዲስትሪክቱ፣ በመጨረሻ እንደ ኤሲኤልዩ ያለ የመብት ድርጅት ነው። «የፌዴራል ገንዘብ ይቆረጥባችኋል» ብሎ ማስፈራራት ግን አይሠራም፤ ሕጉ ራሱ በዚህ ምክንያት ገንዘብ መከልከልን አይፈቅድም። የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው።

ሲፈቀድም እኩል ይሁን። ሌሎች ክለቦች በድምፅ ማጉያ የሚነገርላቸው፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያገኙ፣ በክለብ ትርኢት ቀን ጠረጴዛ የሚሰጣቸው ከሆነ የእናንተም ይሰጣችኋል። «ክፍሉን ተጠቀሙ፣ ፖስተር ግን አትለጥፉ» የሚል ግማሽ ፈቃድ ተቀብሎ ዝም ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

የወረቀት_ጉዳይ

ስለ ግሪን ካርዱ እኔ ልመልስ። ክለቡ ውስጥ መሆን በራሱ ችግር የለውም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የመናገርና የመደራጀት መብት አለው። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ከፓርቲ አባልነት አንፃር በተለይ የሚጠይቀው ስለ ኮሚኒስትና አምባገነን ፓርቲዎች ነው እንጂ ስለ አሜሪካ ሕጋዊ ፓርቲዎች አይደለም። ያም ሆኖ በ2025 በአደባባይ ተቃውሞ ላይ የታወቁ፣ ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ የያዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተይዘው ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ወይም የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ልጅ የክለቡ ቃል አቀባይ ከመሆኑ በፊት ጠበቃ ቢያናግር ይሻላል። አባል ሆኖ መወያየት ሌላ፣ ካሜራ ፊት መቆም ሌላ።

እውነተኛው አደጋ ያለው የመራጭ ምዝገባ ላይ ነው። የፖለቲካ ክለብ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታሰበው «ተማሪ እናስመዝግብ» ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ዜጋ አስቀድሞ መመዝገብ ይችላል፤ ቅጹ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም አለበት። ዜጋ ሳይሆን የፈረመ ሰው በሐሰት ዜግነት እንደጠየቀ ይቆጠራል። ይህ ከአገር የሚያስወጣ ነገር ነው፤ ምሕረት የሚገኝበት መንገድም በጣም ጠባብ ነው። ልጁ «ሁሉም ሲሞላ ሞላሁ» ማለቱ ብዙ አያድነውም። ስለዚህ በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ከመስጠት በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሲቲዝን ነህ?» መሆን አለበት። «እርግጠኛ አይደለሁም» ላለ ልጅ ቅጽ አይሰጠውም፤ ቤቱ ጠይቆ ይመለስ። ያልሞላ ልጅ ለምን እንዳልሞላም በሰው ፊት አይጠየቅ፤ የቤተሰቡን ወረቀት ጓደኞቹ ፊት ማውጣት ነው የሚሆነው።

«እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው መልስ በእኛ ልጆች ዘንድ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሳያውቁት ዜጋ ሆነዋል። ከየካቲት 2001 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ልጁ 18 ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ኖሮት፣ አሜሪካ ውስጥ ከወላጁ ጋር በወላጁ ሕጋዊ አሳዳጊነት እየኖረ ወላጁ ዜጋ ከሆነ፣ ልጁም ያን ዕለት ያለ ማመልከቻ ዜጋ ይሆናል። እህቴ፣ ይህ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል፦ ልጅዎ 18 ከመሙላቷ በፊት ቃለ መሐላ ከፈጸሙ እሷም አብራ ትገባለች። 18 ካለፋት ራሷ ማመልከት ይኖርባታል። ለክለቡ ሳይሆን ለዚህ ሲሉ ማመልከቻውን አያዘግዩ። ማረጋገጫው የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም በኤን-600 የሚገኘው የዜግነት ሰርተፊኬት ነው፤ ፓስፖርቱ በዋጋ ይረክሳል።

ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ከተማዋ ከ2013 ጀምሮ 16 ዓመት የሞላቸውን በከተማ ምርጫ ታስመርጣለች፤ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ይመርጣሉ። ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በከተማው ጸሐፊ ቢሮ በኩል በተለየ ቅጽ ነው። የስቴቱን ቅጽ ሞልቶ «ለከተማው ነበር እኮ» ማለት አይቻልም።

ገንዘብ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዕጩ ማዋጣት ይችላል። ቪዛ፣ ቲፒኤስ ወይም የጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያለ ግን ለፌዴራልም፣ ለስቴትም፣ ለከተማ ምርጫም አንድ ዶላር ማዋጣት አይችልም። ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ስልክ መደወልና በር ማንኳኳት ግን ይፈቀድለታል።

ኮረም_ቆጣሪ

ሕጉን ጨርሳችሁታል፤ እኔ ክለቦች ከተፈቀዱ በኋላ ለምን እንደሚሞቱ ልጻፍ። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ርእሰ መምህር አይደለም።

የመጀመሪያው ገዳይ የኮረም አንቀጽ ነው። ልጆች ደንብ ሲጽፉ ከኢንተርኔት ገልብጠው «ከአባላት ግማሽ በላይ ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል» ይላሉ። በክለብ ትርኢት ቀን ከረሜላ ያየ ሁሉ ይፈርማል፤ 60 ስም ይመጣል፤ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ 12 ሰው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር በሕጋዊ መንገድ መወሰን አይቻልም፤ አንድ ተሸናፊ «ምርጫው ኮረም አልነበረውም» ካለ ክለቡ ይፈርሳል። መፍትሔው ንቁ አባልን መለየት ነው፦ ካለፉት 4 ስብሰባዎች ቢያንስ 2ቱን የተገኘ። ድምፅ የሚሰጠውም፣ ኮረም የሚቆጠረውም በእነሱ ነው። መገኘት በወረቀት ይያዝ፤ ጸሐፊ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስም፣ ዓላማ፣ አባልነት ለሁሉም ተማሪ ክፍት መሆኑ፣ አራት ኃላፊዎች (ፕሬዚዳንት፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ)፣ የምርጫ ወር፣ ኮረም፣ ኃላፊን ማውረጃ፣ ደንብ ማሻሻያ። ፕሬዚዳንት የሚሆን ልጅ አይጠፋም፤ ሁሉም ለኮሌጅ ማመልከቻው ይፈልገዋል። ጸሐፊ ነው የሚጠፋው። ጥሩ ጸሐፊ ካገኛችሁ ለምኑት።

ስብሰባው ከ40 ደቂቃ አይለፍ። 5 ደቂቃ ማስታወቂያ፣ 20 ደቂቃ በአንድ ጉዳይ ላይ ውይይት፣ 10 ደቂቃ በሥራ ክፍፍል ላይ፣ 5 ደቂቃ ክፍል ማስተካከል። ሥራ ክፍፍሉ ላይ የሰው ስምና ቀን መጻፍ አለበት። ስለ ዋሽንግተን ዜና ብቻ የሚያወራ ክለብ በሦስት ስብሰባ ይሰለቻል፤ ልጆቹ ያንኑ ስልካቸው ላይ ያዩታል። የትምህርት ቦርድ በጀት፣ የአውቶቡስ መስመር፣ የቤት ኪራይ ደንብ ላይ ከሠራ ግን ይቆያል፤ ምክንያቱም የካውንቲ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ለ16 ዓመት ልጅም ክፍት ነው፣ ውጤቱም በወራት ውስጥ ይታያል። የአንድ ፓርቲ ክለብም ቢሆን ይህን ይሥራ።

እንግዳ ተናጋሪ አንድ ጊዜ መጋበዝ ይቻላል፤ አዘውትሮ መምጣት ነው የተከለከለው። የምክር ቤት አባል ለመጋበዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለቢሮው ጻፉ፤ የሚመልስላችሁ እሱ ሳይሆን የቀጠሮ ሠራተኛው ነው። የምርጫ ወቅት ከሆነ በግቢው ውስጥ ዕጩ ለመጋበዝ ትምህርት ቤቱ ያለውን ደንብ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለሁሉም ዕጩዎች አንድ ዓይነት ግብዣ በአንድ ቀን ልካችሁ ኢሜይሉን ማስቀመጥ ከብዙ ነገር ያድናል።

ለዕጩ ቅስቀሳ የሚወጡ ከሆነ ይህ ከክለቡ ስብሰባ የተለየ፣ ከግቢ ውጭ የሚደረግ ነገር ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ አዋቂ አብሯቸው ይኑር፣ ወረቀቱን በር ላይ ያስቀምጡ። የፖስታ ሳጥን ውስጥ ያለ ቴምብር ምንም ነገር መክተት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ አዲስ ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ነው። ሜሪላንድ ለመመረቅ የምትጠይቀው 75 የአገልግሎት ሰዓትም አለ፤ የቅስቀሳ ሰዓት ይቆጠርላችኋል ብላችሁ ለአባላት ቃል አትግቡ፣ ከአስተባባሪው በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ሁላችንም የምናስበው ሳምቡሳ ነው። የፌዴራሉ የስማርት ስናክስ ደንብ በትምህርት ቀን ለተማሪ የሚሸጥ ምግብን ጨውና ስብ ይለካል፤ የትምህርት ቀን የሚባለው ከእኩለ ሌሊት እስከ ትምህርት ካለቀ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ትምህርት 2:30 ላይ ካለቀ ሳምቡሳው 3:00 ሰዓት ላይ ይወጣል (በፈረንጅ ሰዓት ነው የምቆጥረው)። የቤት ምግብ መሸጥ የማይፈቅዱ ትምህርት ቤቶችም ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። የምስርና የሥጋውን ለዩት፣ የጾመኛውም የሙስሊሙም ልጅ ይገዛል፤ ለውዝና ሰሊጥ ያለበትን በወረቀት ጻፉበት። ገንዘቡ በዚያው ቀን በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ፤ በገንዘብ ያዥ ቦርሳ አይደር። በዚያ ሒሳብ ያለ ገንዘብ ለዕጩ አይሰጥም። ማዋጣት የፈለገ ልጅ ከራሱ ኪስ፣ በራሱ ፈቃድ ያዋጣ፤ ወላጅ ገንዘብ ሰጥቶ በልጅ ስም ማስገባት ክልክል ነው።

እናት_ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ቅጹን ወስደዋል። አሁን የተቸገሩት በስፖንሰር ነው፤ የጠየቋቸው መምህራን ሁሉ «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» እያሉ ነው። ስፖንሰር ከሌለስ?

ስፖንሰር_መምህር

መምህሩ የሚፈራው የክለቡ አቋም የእሱ አቋም እንዳይመስል ነው። ሕጉን ያሳዩት። ለክትትል ብቻ የተመደበ መምህር ስብሰባውን ደገፈ አይባልም፤ እንዲያውም መምራትም፣ ማስተዋወቅም፣ መሳተፍም የለበትም። ሥራው ክፍል መክፈት፣ መቀመጥ፣ ልጆቹ በሰላም መውጣታቸውን ማየት ነው፤ ፈተና እያረመ መቀመጥ ይችላል። ልጆቹ ሲጠይቁ «የፖለቲካ ክለባችንን ይደግፉልን» ካሉ እምቢ ይባላሉ። «በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ለ40 ደቂቃ ክፍልዎ ውስጥ እንሰብሰብ፤ መናገር አይጠበቅብዎትም» ይበሉ።

ማንን መጠየቅ? የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራንን ብቻ ከጠየቁ ስህተት ነው፤ እነሱ ስለ ገለልተኝነታቸው በጣም ይጠነቀቃሉ፣ ከወላጅም ስሞታ ይሰማሉ። ከትምህርት በኋላ የሚቆይ የሒሳብ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የኢሶል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች) መምህር ይጠየቁ። ሕጉ ሐሳቡን የሚቃወም ሠራተኛ በግድ እንዲገኝ ማድረግን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ማንም አይገደድ። ማንም ካልተገኘ ግን ልጅዎ ለርእሰ መምህሩ ትጻፍ፦ ሌሎች ክለቦች ተቆጣጣሪ እንዴት እንዳገኙ ትጠይቅና ለእነሱም በዚያው መንገድ እንዲመደብ ትጠይቅ። አንድ ነገር እወቁ፤ ትምህርት ቤቱ ከቦታው ወጪ ያለፈ ገንዘብ እንዲያወጣ ሕጉ አያስገድደውም፣ ለሌሎች ስፖንሰሮች አበል ቢኖር እንኳ ለእናንተ በዚህ ሕግ መጠየቅ ይከብዳል።

ሁለተኛ_ዓመት

ትንሽ ልጨምር፤ ሐበሻ ልጆች ያሉበት ክለብ ውስጥ የሚነሳ ነገር ነው። የአገር ቤት ፖለቲካ በሳምንት ውስጥ ይገባል፣ በተለይ በቴሌግራም ግሩፑ። ክለቡ የአሜሪካ ፓርቲ ክለብ ከሆነ ደንቡ ላይ «የክለቡ አቋም የሚወሰነው በስብሰባ ድምፅ ብቻ ነው፤ በግሩፕ የተጻፈ የጻፊው ነው» የሚል አንድ መስመር ይግባ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ካሉ ግሩፑ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ማንም ተገልሎ አይሰማውም። ስለ ኢትዮጵያ መወያየት ከፈለጉ በአጀንዳ፣ በሰዓትና በተመረጠ አወያይ ይሁን፤ «የቤተሰባችሁ ብሔር» የሚል ጥያቄ አይነሳ።

የኢንስታግራም ገጽ ሲከፈት የትምህርት ቤቱን አርማና የስፖርት ቡድኑን ስም አትጠቀሙ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ኃላፊዎች ይያዙት፣ አካውንቱም በክለቡ ኢሜይል ይከፈት። የ12ኛ ክፍል ፕሬዚዳንት ሰኔ ላይ ተመርቆ ስልክ ቁጥሩን ሲቀይር ገጹ አብሮት ይሄዳል። ምርጫ በግንቦት ይደረግ እንጂ በመስከረም አይሁን፤ የመስከረም ምርጫ ማለት የክለብ ትርኢቱን ያለ ኃላፊ ማሳለፍ ነው።

እናት_ከሜሪላንድ

ስለ ቃለ መሐላው የተጻፈውን አላውቅም ነበር፤ ማመልከቻውን አፈጥነዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልጆቹ በክፍል ሰዓት ሰልፍ እንውጣ ቢሉስ? ይህም በዚህ ሕግ ይሸፈናል?

ስፖንሰር_መምህር

አይሸፈንም። የኢኳል አክሰስ ሕግ ስብሰባን ነው የሚመለከተው። ስለ ሐሳብ መግለጽ የሚጠቀሰው በ1969 የተወሰነው የቲንከር ጉዳይ ነው፤ ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ጥቁር ክንድ ማሠሪያ አድርገው ታገዱና ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ፈረደላቸው። ትምህርትን በጉልህ እስካልረበሸ ድረስ ክንድ ማሠሪያ፣ ደረት ላይ የሚደረግ ባጅ፣ ቲሸርት ይቻላል። ከክፍል ወጥቶ መሄድ ግን ቀሪ ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንደ ማንኛውም ቀሪ መቅጣት ይችላል። የማይችለው ለመልእክቱ ሲል ከሌላው ቀሪ የበለጠ መቅጣት ነው። ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት የቀሪ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ከተማሪ መመሪያው ያንብቡ፤ የዚያን ቀን ፈተና ያለው ልጅ ይቅር።

አዲስ_አበባ_መምህር

ይህን የምታነቡ አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች በዚህ አካሄድ እንዳትሞክሩት። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተፅዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል፤ በፓርቲ ስም ክበብ በትምህርት ቤት አይከፈትም። የሚቻለው በሥነ ዜጋ ክበብ፣ በተማሪዎች ምክር ቤትና በሚኒ ሚዲያ በኩል ነው። የሥነ ዜጋ ክበብ ዓመታዊ ዕቅድ በመስከረም ለክበባት አስተባባሪው ይገባል፤ በዕቅዱ ላይ ርእሶቹን «የምርጫ ሥርዓት»፣ «የወረዳ በጀት እንዴት ይጸድቃል» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «የወቅቱ ፖለቲካ» አትበሉ፤ እሱ ተሰርዞ ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ አባላት አይገናኙም፤ ለእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ ጸሐፊ መድቡና ቃለ ጉባኤውን በአንድ ደብተር ያዙ።

ስፖንሰር_መምህር

ለእህታችን የቀረ አንድ ነገር፦ ፈቃዱ ሲመጣ ልጅዎ ደብዳቤውን ስካን አድርጋ ታስቀምጥ። ብዙ ትምህርት ቤት ክለቦችን በየዓመቱ እንደገና ያስመዘግባል፣ ምክትል ርእሰ መምህርም ይቀየራል። የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ የዘንድሮውን ፈቃድ አያይዛ ታስገባ።